አንጎል ሲጎዳ የሚበዛው ፕሮቲን፦ ስለ ጋሌክቲን-3

በቀበና ወንዝ ዳርና በየግንብ አጥሩ ጥግ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ጉሎ፣ ሳይንስ አንድን ትልቅ የፕሮቲን ወገን እንዲያውቅ መነሻ የሆነ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፒተር ኸርማን ሽቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ፣ ዛሬ የኢስቶኒያ ከተማ በሆነችው በታርቱ ለዶክትሬት ሥራው የጉሎ ፍሬን መርዝ ሲመረምር፣ ከፍሬው ያወጣው ንጥረ ነገር ቀይ የደም ህዋሳትን እርስ በርሳቸው እያጣበቀ እንደሚያጓጉል አየ። መርዙ ራይሲን ይባላል። ቆይቶ እንደታወቀው፣ ራይሲን ህዋሳቱን የሚይዘው በላያቸው ላይ ካለው ጋላክቶስ ከተባለ ስኳር ጋር በመጣበቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ከስኳር ጋር የሚጣበቁ፣ ነገር ግን ስኳሩን የማይፈጩና የማይለውጡ ፕሮቲኖች በዕፅዋትም በእንስሳትም ውስጥ በብዛት ተገኙ፤ የጋራ ስማቸውም ሌክቲን ሆነ።

የሰው አካልም የራሱ ሌክቲኖች አሉት። ከእነርሱ መካከል ጋላክቶስ ያለባቸውን ስኳሮች መርጠው የሚይዙት ጋሌክቲን ይባላሉ፤ ይህ የወል ስም የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ በአጥቢ እንስሳት ውስጥ እስካሁን 15 ያህል ዓይነቶች ተለይተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከእነርሱ በአንዱ፣ በጋሌክቲን-3 ላይ ነው። ከመርሳት በሽታ፣ ከስትሮክና ከጭንቅላት ጉዳት ጋር በተያያዘ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው እርሱ ነው፤ በዚያው ልክም ስለ እርሱ የሚነገረው ከሚገባው በላይ እየቀለለ መጥቷል። አንዱ «አንጎል አበላሽ ፕሮቲን» ይለዋል፤ ሌላው እርሱን ያጠፋል የተባለ እንክብል ይሸጣል። ምርምሩ የሚያሳየው ግን ይኸው አንድ ፕሮቲን እንደ ተገኘበት ቦታ፣ እንደ ጉዳቱ ዓይነትና እንደ ጊዜው የሚጎዳም የሚጠግንም መሆኑን ነው።

ስኳር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቡና ውስጥ የሚጨመረውን፣ ወይም በደም ውስጥ ሲበዛ ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ነው። እዚህ የሚነሣው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ህዋስ በውጭ ገጹ ላይ፣ ከፕሮቲኖቹና ከስቦቹ ጋር ተያይዘው የቆሙ የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። ህዋሱ ራሱ የሚሠራቸው እንጂ ከማዕድ በቀጥታ የሚመጡ አይደሉም፤ ለጉልበትም አይቃጠሉም። እንደ ነጠላ ጥለት ናቸው ቢባል ነገሩ ይቀርባል፤ ሸማው ያው ነጭ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ለሐዘን ይሁን ለደስታ እንደወጣ የሚያስታውቀው ጥለቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የአንድ ህዋስ ማንነትና የወቅቱ ሁኔታም ከስኳር ሰንሰለቶቹ አደራደር ይታወቃል። ጤነኛው ከተጎዳው፣ ለጋው ከበሰለው የሚለየው ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ባለችው አንዲት ስኳር ነው። ጋሌክቲኖች ይህንን የሚያነቡ ፕሮቲኖች ናቸው።

ጋሌክቲን-3 ራሱ 250 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ የሚሠራበት ጂን በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ጋላክቶስ ያለበትን ሰንሰለት የሚይዝበት ጎድጓዳ ክፍል፣ ሌላው ደግሞ ቋሚ ቅርጽ የሌለው፣ እንደልብ የሚተጣጠፍ ጅራት ነው። ከጋሌክቲኖች ሁሉ እንዲህ ያለ አሠራር ያለው እርሱ ብቻ ነው። የጅራቱ ጥቅም የሚታየው ፕሮቲኖቹ ሰብሰብ ሲሉ ነው። በስኳር የተሞላ ገጽ ሲያጋጥማቸው እስከ አምስት እየሆኑ ይያያዛሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ሰንሰለት ስለሚይዙ በህዋሱ ገጽ ላይ ያሉትን ተቀባዮች አንድ ላይ የሚያስር መረብ ይፈጠራል። በመረቡ የተያዘ ተቀባይ ቶሎ ወደ ውስጥ ተስቦ አይጠፋም፤ እዚያው ቆይቶ መልእክት መቀበሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ጋሌክቲን-3 ራሱ ትእዛዝ በማይሰጥበት ጊዜ እንኳ፣ ሌላው የሰጠው ትእዛዝ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማ የመወሰን አቅም አለው።

ከዚህ ሌላ አንድ ያልተለመደ ጠባይ አለው። ከህዋስ የሚወጡ አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ገና ሲሠሩ የመውጫ ምልክት ይታከልባቸውና በታወቀው መንገድ ተሸኝተው ይወጣሉ። ጋሌክቲን-3 ይህ ምልክት የለውም፤ በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይሠራና በሌላ መንገድ ይወጣል። በዚህም ምክንያት በአንድ ጊዜ በኒውክሊየስ፣ በህዋሱ ፈሳሽ፣ በገጹ ላይና በውጭ ሊገኝ ይችላል፤ በየቦታው የሚሠራውም ሥራ የተለያየ ነው። ስለ ጋሌክቲን-3 የሚወጡ ጥናቶች እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስሉት በአብዛኛው አንዱ የውጭውን፣ ሌላው የውስጡን ሥራ ስለሚለካ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንጎል እንግባ። አንጎል የራሱ ጠባቂ ህዋሳት አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ራሳቸውን የቻሉ የህዋስ ዓይነት መሆናቸውን ያሳየው ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1919 ነበር። በደህናው ጊዜ ቀጫጭን ቅርንጫፎቻቸውን እየዘረጉና እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን ሲፈትሹ ይውላሉ፤ የሞተ ህዋስ ሲያገኙ ይውጡታል፣ የማያስፈልግ የነርቭ መገናኛን ያነሣሉ። በዚህ ሁኔታ ባለ ጤነኛ የጎልማሳ አንጎል ውስጥ ጋሌክቲን-3 እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳት ሲደርስ ግን ማይክሮግሊያው ቅርንጫፉን ሰብስቦ ይወፍራል፣ ይባዛል፣ ጋሌክቲን-3ንም በብዛት ይሠራል፤ ከፊሉንም ወደ ውጭ ይለቀዋል።

የተለቀቀው ፕሮቲን ሁሉንም ህዋስ አይይዝም። በጤነኛ ህዋስ ላይ ጋላክቶሱ ብዙ ጊዜ ሲያሊክ አሲድ በተባለ ሌላ ስኳር ተሸፍኖ ይኖራል። የተቆጣ ማይክሮግሊያ ይህን ሽፋን የሚቆርጥ ኢንዛይም አብሮ ስለሚለቅ፣ በአካባቢው ያሉ ህዋሳት ጋላክቶስ ይገለጣል፤ ጋሌክቲን-3 በዚያ ላይ ይጣበቃል፤ ማይክሮግሊያውም ጋሌክቲን-3 የተጣበቀበትን «ይህ የሚዋጥ ነው» ብሎ ይወስደዋል። ህዋሱ በእርግጥ የሞተ ከሆነ ይህ ጽዳት ነው። ገና ሊተርፍ የሚችል የነርቭ ህዋስ ከሆነ ግን ጥፋት ነው። ጋሌክቲን-3 ራሱ ሁለቱን አይለይም።

በዚህ ረገድ በስፋት የተጠናው ከመርሳት በሽታዎች አንዱ የሆነው የአልዛይመር በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በገለጸው በዚህ በሽታ፣ አሚሎይድ የተባለ የፕሮቲን ቁራጭ ከነርቭ ህዋሳት ውጭ እየተጠራቀመ ክምችት ይሠራል፤ ታው የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በህዋሳቱ ውስጥ ይቋጠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲና የስፔኑ የሴቪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በበሽታው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ያለው ጋሌክቲን-3 በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች እጅግ የበለጠ እንደሆነ አሳይተዋል። ፕሮቲኑ በሁሉም ስፍራ እኩል የተበተነ አልነበረም። በዋናነት የተገኘው የአሚሎይዱን ክምችት ከብበው በተጣበቁት ማይክሮግሊያዎች ውስጥ ነበር፤ ከክምችቱ ራቅ ብለው ባሉት ውስጥ ግን እምብዛም አልታየም።

በዚያ ስፍራ ምን ያደርጋል? በማይክሮግሊያ ገጽ ላይ ቲኤልአር 4 የሚባል ተቀባይ አለ፤ ዋና ሥራው የባክቴሪያን ግድግዳ ቁርጥራጭ ማወቅና ብግነትን፣ ማለትም አካል ለጉዳት የሚሰጠውን የቁጣ ምላሽ፣ ማስነሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ከማይክሮግሊያ የተለቀቀ ጋሌክቲን-3 ከዚህ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ ሊያነቃቃው እንደሚችል አሳይቷል። እንግዲህ አንድም ባክቴሪያ በሌለበት፣ የተቆጣው ህዋስ የለቀቀው ፕሮቲን ያንኑ ህዋስና ጎረቤቶቹን መልሶ ያስቆጣል ማለት ነው፤ ቁጣው ራሱን የሚመግብ ይሆናል። በ2019ኙ ጥናት ደግሞ ፕሮቲኑ ትሬም 2 ከተባለ ሌላ የማይክሮግሊያ ተቀባይ ጋር እንደሚጣበቅ ታየ። ይህ ክብደት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትሬም 2 ጂን አንዳንድ ለውጦች በአልዛይመር የመያዝን ዕድል ከፍ እንደሚያደርጉ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ስለሚታወቅ፣ ጋሌክቲን-3 የበሽታው ተመልካች ብቻ ሳይሆን በሂደቱ ውስጥ እጁ ያለበት ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል።

ተመራማሪዎቹ የአልዛይመርን መሰል ጉዳት እንዲያሳዩ በተደረጉ አይጦች ላይ የጋሌክቲን-3ን ጂን ሲያጠፉ፣ ብግነቱ ቀነሰ፣ የአሚሎይዱ ክምችት አነሰ፣ አይጦቹም በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አሳዩ። ውጤቱ የሚያበረታታ ቢሆንም አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ እነዚህ አይጦች በዘር ከሚወረሰው ብርቅ የበሽታው ዓይነት የተወሰዱ አምስት የሰው የጂን ለውጦች የተጨመሩባቸው ናቸው፤ ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ በየቤቱ የሚኖሩት አብዛኞቹ ታማሚ አዛውንቶች ግን ከእነዚህ ለውጦች አንዱም የለባቸውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ «ፕሮቲኑን እናጥፋው» ማለት ቀላል ይሆን ነበር። ስትሮክ ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ኩቤክ የወጣ ጥናት፣ ጋሌክቲን-3 የሌላቸው ጎልማሳ አይጦች የአንጎላቸው የደም ሥር ለጊዜው ሲዘጋ የደረሰባቸው ጉዳት ፕሮቲኑ ካላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ ያለ ጋሌክቲን-3 ማይክሮግሊያዎቹ እንደሚገባ ሊነቃቁና ሊባዙ አልቻሉም፤ ለነርቭ ህዋሳት መትረፍ የሚረዳውም ምላሽ ጎደለ። በአልዛይመር ጥፋተኛ የተባለው ማነቃቃት እዚህ ላይ ለማገገም የሚያስፈልግ ሆነ።

ይህንንም ቢሆን «በስትሮክ ይጠቅማል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ የኦክስጅንና የደም እጥረት ጉዳት ሲጠና ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው ጨቅላዎች የአንጎል ጉዳታቸው ያነሰ ሆነ። በጨቅላና በጎልማሳ አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያዎቹ ያሉበት ሁኔታም የሚሠሩት ሥራም አንድ አይደለም፤ ስለሆነም አንዱ ዕድሜ ለሌላው መልስ ሊሆን አይችልም። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ መታፈን ብዙ ጨቅላዎችን በሚጎዳበት በእኛ አገር፣ የጎልማሳ ስትሮክን ጥናት ለጨቅላ ጉዳት እንደ ማስረጃ ማቅረብ ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የነርቭ ሽቦዎችን የሚሸፍነው ማይሊን የተባለው የስብ ልባስም ከጋሌክቲን-3 ጋር ግንኙነት አለው። ማይሊንን የሚሠሩት ህዋሳት እንዲበስሉ ፕሮቲኑ እንደሚያግዝ፣ የተበላሸ ማይሊንም ካልተጠረገ አዲሱ እንደሚገባ ስለማይሠራ ማይክሮግሊያዎች ጠርገው እንዲውጡ እንደሚረዳ በአይጥ ጥናቶች ታይቷል። በጭንቅላት ጉዳት፣ በሃንቲንግተንና በፓርኪንሰን በሽታዎች በተደረጉ የእንስሳት ጥናቶች ደግሞ ሚዛኑ ወደ ጎጂነቱ ያደላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የሚመስለኝ ግን በህዋስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ህዋስ የዋጠውን የሚፈጭበት ላይሶሶም የተባለ፣ አሲድና ኢንዛይም የተሞላ ከረጢት አለው። የከረጢቱ የውስጥ ግድግዳ በራሱ ኢንዛይሞች እንዳይበላ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው። እንደ አሚሎይድና ታው ያሉ አስቸጋሪ ቁሶች ከረጢቱን ሲቀዱት፣ ከውስጥ የነበሩት ሰንሰለቶች ለህዋሱ ፈሳሽ ይጋለጣሉ፤ በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ጋሌክቲን-3 በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ተቀደደው ቦታ ይሰበሰባል። በቤተ ሙከራ ፕሮቲኑ በሚያበራ ቀለም ሲታይ፣ ቀድሞ በመላው ህዋስ ደብዝዞ ይታይ የነበረው ብርሃን ድንገት ወደ ደማቅ ነጠብጣቦች ይለወጣል፤ ተመራማሪዎች የተጎዳ ላይሶሶም መኖሩን የሚያውቁት በዚሁ ነጠብጣብ ነው። በዚያ ከደረሰ በኋላ ሽፋኑን የሚጠግኑ ፕሮቲኖችን ይጠራል፤ ጥገናው የማይሆን ሲሆንም ከረጢቱ ተጠቅልሎ እንዲወገድ ከሚያደርጉ ጋር ይሠራል። በውጭ ብግነት የሚያራግበው ፕሮቲን በውስጥ የህዋሱ ጠጋኝ ነው። አንድ መድኃኒት ሁለቱን ሳይለይ ቢያስወግድ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

የቅርብ ዘመዱን ጋሌክቲን-1ን በአጭሩ ማንሣት ተገቢ ነው፤ እርሱም ጋላክቶስ የሚይዝ ሆኖ ሳለ በተቆጡ ማይክሮግሊያዎች ላይ ሲጣበቅ ያረጋጋቸዋል። ስለዚህ ጋላክቶስ የሚይዘውን ሁሉ በጅምላ የሚዘጋ መድኃኒት፣ የሚያስቆጣውን ብቻ ሳይሆን የሚያረጋጋውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጋሌክቲን-3 በደም ምርመራም ይለካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ለምርመራው ፈቃድ የሰጠው ግን ለአንጎል ሳይሆን፣ ሥር የሰደደ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ሕመማቸው ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት እንዲያግዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በልብ፣ በጉበትና በኩላሊት ችግር ሁሉ ይጨምራል። ከቸርችል ጎዳና ላቦራቶሪዎች ውጤቱን ይዞ የሚወጣ ሰው ቁጥሩን ከእናቱ መርሳት ጋር ቢያያይዘው፣ የሚያነበው ምናልባት ስለ ኩላሊቷ ይሆናል። የመርሳት ችግር ሲጀምር «አርጅታለች፣ ጃጅታለች» ብሎ ከመተው ይልቅ ሐኪም ዘንድ ቢኬድ፣ በቅድሚያ የሚታዩት የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ድብርት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና የአንጎል ምስል ናቸው፤ ምክንያቱም ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊታከሙ የሚችሉ መንስኤዎችን ያሳያሉ።

የእንክብሉ ነገርም አለ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ አዛውንት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ፕላስቲክ ዕቃ ከከረጢት አውጥተው ለፋርማሲስቷ ሰጧት።

«ልጄ፣ ይሄ ለመርሳት ነው ብሎ ልኮልኝ፤ ለባለቤቴ ስንት ስንት ልስጣት?»

እርሷም ዕቃውን አዟዙራ አነበበችና «አባባ፣ ይሄ ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ የሚሠራ ፔክቲን ነው። የመርሳት መድኃኒት ተብሎ የተፈቀደ አይደለም። ባለቤትዎ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለቻቸው። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት እንዳለ ሲነግሯት፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ ጽፋ ሰጠቻቸው።

መልሷ ትክክል ነበር። ፔክቲን ከልጣጭ የሚወጣ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ሲሆን፣ ተሰባብሮ ሲያንስ ጋላክቶስ ያለባቸው ቅርንጫፎቹ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከጋሌክቲን-3 ጋር ሊጣበቁ ይችላሉ። ከዚያ ተነሥቶ እስከ አንጎል ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ ደምንና አንጎልን የሚለየው ግድብ ደግሞ ትልልቅ ሞለኪውሎችን አያሳልፍም። የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስም በቤተ ሙከራ ጋሌክቲኖችን ከያዙት ነገር ለማላቀቅ ያገለግላል፤ ሰው ሲጠጣው ግን አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል እንጂ አንጎል ውስጥ ገብቶ አንዳችም ጋሌክቲን አያላቅቅም።

በሐኪም ቤት ደረጃ የተሞከሩት መድኃኒቶችም እስካሁን አልቀናቸውም። ለሳንባ ጠባሳ በሽታ በመተንፈሻ የሚሰጠው የጋሌክቲን-3 ማገጃ እ.ኤ.አ. በ2023 በታማሚዎች ላይ የሚጠበቀውን ውጤት አላሳየም፤ ለጉበት ጠባሳ የታሰበው ቤላፔክቲንም እ.ኤ.አ. በ2024 ዋናውን የጥናት ግብ አልመታም። በአልዛይመር ታማሚዎች ላይ ደግሞ ፕሮቲኑን የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር መርጦ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ተሞክሯል፤ ሆኖም በደም ከተሰጠ አንቲቦዲ ወደ አንጎል የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች ነው።

ከማድረሱ ይልቅ የሚከብደው ጊዜውን መምረጥ ነው። ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ፕሮቲኑን ከፅንሳቸው ጀምሮ አያውቁትም። ሰው ግን የመርሳት ችግሩ ተሰምቶት ወደ ሐኪም የሚመጣው፣ አሚሎይዱ መጠራቀም ከጀመረ ብዙ ጊዜ 15 እና 20 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጋሌክቲን-3 ብግነቱን እያራገበ ይሁን፣ የተቀደዱ ላይሶሶሞችን እየጠገነ ይሁን፣ ወይስ በአንዱ ህዋስ ይህን በሌላው ያንን እያደረገ ይሁን፣ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ለይቶ የሚያሳይ፣ ሐኪም ሊያዝዘው የሚችል ምርመራ ገና የለም፤ የትኛው ታማሚ በየትኛው ጊዜ ማገጃውን ቢወስድ እንደሚጠቀም መለየት የሚቻለውም ያ ሲገኝ ነው።